ሲሮጡ የታጠቁት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው። መንገድ ከጀመሩ በኋላ በጥድፊያ የተጠመጠመ መቀነት እዚያው መንገድ ላይ ላልቶ እግር ይጠልፋል። ይህ ምክር በመተማ ቆላ የኑሮ ሕግ ነው። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ካሳለፉት ፍሬው ተሰንጥቆ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ አጫጁንም ስንቁንም የሚያሰናዳው ሰሊጡ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው።

ኳስ ሜዳ ላይ ግን ይህን ብልሃት እንረሳዋለን። ገንዳ ውሃም ይሁን መተማ ዮሐንስ፣ አቧራው በሚጨስበት ሜዳ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ «አምበሉ እኔ ነኝ» ይላል፤ ሌላው «የተጠለፍኩት እኔ» ብሎ ኳሷን ያቅፋል፤ ሦስተኛው ዛሬ ጎል ስላላገባ ይለምናል። ንትርኩ ሳይበርድ ይመታል፤ ኳሷም ከአግዳሚው በላይ ትሄዳለች። ተረቱ እዚህ ላይ እውነቱን ነው።

የኖርዌዩ ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት የታላላቅ ውድድሮችን የመለያ ምቶች አጥንቶ የደረሰበትም ከዚህ አይርቅም። ከፊሽካው በኋላ ወዲያው ተንደርድረው የሚመቱ ተጫዋቾች፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ከሚመቱት ይልቅ አዘውትረው ይስታሉ።

ይሁንና ተረቱ ሁሉን አይፈታም። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሱበት የአፍሪካ ዋንጫ ከዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ። መቺው ሳላዲን ሰዒድ ነበር፤ ጎል ለማግባት ከእሱ የተሻለ ሰው መፈለግ ይቸግር ነበር። የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዌኔ አዳነበት። አጥብቆ የታጠቀም አንዳንዴ ይፈታበታል።

ያው ምዌኔ ከአራት ቀን በኋላ ዛምቢያ ከናይጄሪያ ጋር ስትጫወት፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የራሱን ግብ ትቶ ሄዶ ፍጹም ቅጣት ምት መታ፤ አገባም። 1 ለ 1 ተለያዩ። ለማያውቀው በጭንቅ ሰዓት የመጣ እብደት ይመስላል። ነገር ግን ምዌኔ በየካቲት 2004 ዓ.ም. ዛምቢያ ኮትዲቯርን አሸንፋ ዋንጫ ባነሣችበት የመለያ ምትም መትቶ አግብቶ ነበር። መቀነቱ የታሰረው ቀድሞ ነው። ምርጥ አጥቂ ሁሉ ምርጥ መቺ አይደለም፤ ምርጡ መቺም በረኛው ሊሆን ይችላል።

የሳተ ቡድንስ? በኅዳር 2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ባስተናገደችው የሴካፋ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድናችን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወደ መለያ ምት ሄደ። ታንዛኒያን አሸነፈ፤ በግማሽ ፍጻሜው በዩጋንዳ ተሸነፈ፤ ለደረጃ በተደረገው ጨዋታ ደግሞ የመተማን ጎረቤት ሱዳንን ረታ። የተፈታን መቀነት እንደገና ማጥበቅ እንደሚቻል ተረቱ አይነግረንም፤ ያ ሳምንት ግን አሳይቶናል።

እንግዲህ ለአሠልጣኞቻችን የምለው ይህ ነው፦ መቺውንና ተተኪውን ከጨዋታው በፊት በስም ለዩ። በልምምዱ ማብቂያ፣ እግር ሲዝል፣ ጓደኞቻቸው እየጮኹባቸው አስመቷቸው። ልጁ ከሳተ ደግሞ በዚህ ተረት አትግረፉት። ተረቱ ለዝግጅት የተነገረ ምክር እንጂ በሳተ ልጅ ላይ የሚነበብ ፍርድ አይደለም።