ምሳሌው ሲሻገር

በመቀሌ አብያተ ክርስቲያናት የቅዱስ ያሬድ ዜማ ዛሬም በግእዝ ይዜማል፤ የብዙው ምእመን የአፍ መፍቻ ግን ትግርኛ ነው። ታዲያ ምሥጢሩ ሳይጎድል ዝማሬ ሊተረጎም ይችላል? ይችላል እላለሁ፤ ተርጓሚው ምሳሌውን ካልፈታው። ውዳሴ ማርያም እመቤታችንን በሲና ዕፀ ጳጦስ ይመስላታል። ፍቺውን ብቻ ያሻገረ ሰው ድንግልናዋን ነግሮ ይጨርሳል፤ እየነደደ ያልተቃጠለው ቁጥቋጦ ግን ከአማኙ ዓይን ይጠፋል።

«እንግዲያው ግእዙ አይነካ» የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው ከፍቅር የመነጨ ነው። ሆኖም መዝሙረ ዳዊት ራሱ ወደ ግእዝ የገባው ከግሪክ ተተርጉሞ ነው፤ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ማኅበሩን የሚያንጸው የሚገባው ቃል እንደሆነ ይሞግታል። ምሳሌው ለሕዝቡ ባዕድ ቢሆንስ? ለዚህ አባቶች አንድምታን አቆይተውልናል፤ «አንድም» እያለ ትርጓሜ በትርጓሜ ላይ ይደርባል እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን አይጥልም። ዜማ ለሐተታ ጊዜ ስለማይሰጥ፣ መዝሙሩ ቁጥቋጦውን በትግርኛ ይያዝ፤ ፍቺው የመምህሩ ድርሻ ነው።