ስለ ክለብ ፍቅርና ስለ ጎረቤት ክብር

አንባቢ ሆይ፥ የምትደግፈው የኳስ ክለብ ባሸነፈ ቀን ልብህ በደስታ ሲሞላ ታውቀዋለህ። ይህ ደስታ በራሱ ነቀፋ የለበትም። ዳሩ ግን አንድ ነገር እንድትመረምር እለምንሃለሁ፤ ደስ ያለህ ክለብህ ስላሸነፈ ነውን፥ ወይስ ጎረቤትህ ስላዘነ? ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

እኔ የውቤ በረሃ ልጅ ነኝና የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ መሆኔን ሳልናገርም ሰው ያውቀዋል። ክለቡ የተመሠረተው ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት በ1928 ዓ.ም. በዚሁ በአራዳ ነው። ወራሪዎቹ ከተማይቱን ከያዙ በኋላ ስሙን ለውጠው «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሉት። ነጻነት ተመልሶ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲደረግም፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የተወዳደሩት የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፥ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፥ የአርመኖቹ አራራትና የእንግሊዞች የጦር ቡድን ነበሩ። በዚያን ጊዜ ተመልካቹ ኳሱን ከአርበኝነት ባይለየው አይፈረድበትም፤ ስሙን ነጥቀውት ነበርና።

ዛሬ ግን ከፊታችን የሚቆመው ማን ነው? በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢትዮጵያ ቡና ነው። ደጋፊውም ከባሕር ማዶ የመጣ ወራሪ አይደለም፤ በአንድ ታክሲ የምንሳፈር፥ በአንድ ዕድር የምንቀባበር ወንድማችን ነው። እኛ ግን ለጠላት የነበረውን ቍጣ፥ ጠላት ከሄደ በኋላም ተሸክመን ለጎረቤት አዋልነው።

ይህን የምጽፈው ከራሴ በደል ተምሬ ነው። ጎረቤቴ የቡና ደጋፊ ነው። በ2003 ዓ.ም. ክለቡ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በወሰደ ጊዜ አንድ የሽሙጥ ቃል ሳይናገረኝ «ና፥ ቡና ጠጣ» ብሎ ከቤቱ አስገባኝ፤ በረካው እስኪደርስ ድረስም ስለ ልጆቻችን ትምህርት ተጫወትን። ከዚያ በኋላ ግን የእኔ ክለብ የእርሱን ባሸነፈ አንድ ማታ፥ ከስታዲየም ስንመለስ በልጁ ፊት አዋረድሁት፤ በክለቡ ጀምሬ በድህነቱ ጨረስሁ። ልጁ አንድ ጊዜ እኔን፥ አንድ ጊዜ አባቱን ተመለከተ። አባቱም አንድ ቃል ሳይመልስልኝ የልጁን እጅ ይዞ ገባ። እኔ የተናገርሁትን በማግሥቱ ረሳሁት፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና እርሱ አልረሳም። ሄጄ ይቅርታ ለመለመን ሰባት ወር ፈጀብኝ። እርሱ ወዲያው ማረኝ፤ ልጁ ግን ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ እንኳ ሲያገኘኝ እጅ ነሥቶ ፊቱን ይመልሳል።

«እንግዲያስ ፉክክር ይቅር ትላለህን?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። ያለ ተፎካካሪ ጨዋታ የለም፤ ክለቡ ብቻውን ሲሮጥ ለማየት ትኬት የሚቈርጥ ሰው ከቶ አይገኝም። የዚያኛው ወገን ደጋፊ የደስታህ ሌባ አይደለም፤ የደስታህን እኵሌታ የሠራልህ እርሱ ነው እንጂ። ደስታውን የሠራልህን ሰው በምን አእምሮ ትሰድበዋለህ?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ክለብህን ከልብህ ደግፍ፤ ዘምር፥ አጨብጭብ፥ ሲሸነፍም እዘን። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት በጎረቤትህ ደጅ ቆመህ ልትደግመው የማትደፍረውን ቃል፥ እሑድ በሕዝብ መካከል ተሸሽገህ አትናገር። ሕዝቡ ይበተናል፤ ቃሉ ግን የአንተ ሆኖ ይቀራል። ክለብህ ባሸነፈ ማታም ወደ ቤትህ ከመግባትህ አስቀድመህ የተሸነፈውን ጎረቤትህን እጁን ጨብጠው፤ ልጁም አጠገቡ ቢኖር እርሱንም ጨብጠው። ጨዋታው ዘጠና ደቂቃ ነው፤ ጕርብትና ግን ዕድሜ ልክ ነውና።