ድምፁን ሰምተህ ተመለስ

ሰው የገዛ ፊቱን እንደማያይ እንዲሁ የገዛ ጠባዩን አያይም። ሲቈጣ ቍጣው ጽድቅ ይመስለዋል፤ ሲያማም እውነት የተናገረ ይመስለዋል። ስለዚህ በሥራው መካከል የሚያነቃው ድምፅ ያስፈልገዋል።

ጋምቤላን ከተማ ያሰኛት የባሮ ወንዝ ይህን ያስተምረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ሥፍራ ከተከፈተ በኋላ፥ ውሃው በክረምት ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ግን ወንዙ ይጐድላል፤ መርከብም አይሄድበትም። የመርከብ ፉጨት ሲጮኽ፥ «ጥቂት ልቈይ» ብሎ በዳር የቀረ መንገደኛ፥ የቀረው ድምፁን ስላልሰማ አይደለም፤ ሰምቶ ስላልተነሣ ነው።

ያ የመርከብ ንግድ ዛሬ ቀርቷል፤ አውቶሞቢል ግን ሌላ ድምፅ አለው። ነጂው ቀበቶውን ሳይታጠቅ ቢነዳ እየጮኸ ያስታውሰዋል። ብልህ ይታጠቃል፤ ድምፁም ዝም ይላል። ሞኝ ግን ቀበቶውን ከጀርባው አሳልፎ ይቈልፈውና ተደላድሎ ይቀመጣል። ጩኸቱ ጠፋ፤ አደጋው ግን እንዳለ ነው። ወዳጄ ሆይ፥ በኅሊናህ ላይ እንዲህ አታድርግ። በመጠጥና በሣቅ፥ «ሰው ሁሉ ያደርገዋል» በማለትም ድምፁን ዝም ብታሰኘው፥ ኃጢአቱን ከአንተ አላራቅኸውም።

በዚያች ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ የሰሙት ብዙዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ወጥቶ አምርሮ ያለቀሰው ግን ጴጥሮስ ነው (ሉቃ. 22)። ጌታ አስቀድሞ የነገረውን ቃል አስታውሶ ነበርና። ድምፅ ብቻውን ሰውን አይለውጥም፤ ቃሉን ሲያሳስበውና ሰውዬው ወዲያው ሲታዘዝ ግን ይለወጣል።

እንግዲህ በቤትህ ይህን ልማድ አድርግ። ድምፅህ በቍጣ ከፍ ሲል ሚስትህ ወይም ልጅህ ገበታውን በጣት ሁለት ጊዜ እንዲያንኳኩ ፍቀድላቸው። ስትሰማ ሳትከራከር ዝም በል፤ ከዚያም ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ነገርህን እንደ ገና ጀምር። ባንኳኳው ላይ አትቈጣ፤ ብትቈጣ ነገ የሚያንኳኳልህ አታገኝም። ማታ ስንት ጊዜ እንደ ተንኳኳብህ ቈጥረህ በጸሎት በእግዚአብሔር ፊት አቅርብ። ቍጥሩ ቢያንስ አመስግነው፤ ቢበዛ ጸጋውን ለምነው።

የመጨረሻው መለከት የሚነፋበት ቀን ይመጣል (1 ቆሮ. 15)። ያን ድምፅ ዝም የሚያሰኝ የለም። ስለዚህ ትንሹ ድምፅ ዛሬ ሲሰማህ፥ ዛሬውኑ ተመለስ።