ያማረ ቃል ሁሉ እውነት ነውን?

ከቱላ ሄደን በዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ስንማር፣ ጆን ሚልተን ዓይኑ ከጠፋ በኋላ በቃል አስጽፎ በ1667 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «የጠፋችው ገነት» የተሰኘ ረጅም ግጥም አነበብን። ከሁሉ አብልጦ ልባችንን የማረከው የሰይጣን ንግግር መሆኑ አስደነገጠን። ታዲያ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ሊያነብ ይገባዋልን?

ይገባዋል እንላለን። እባብ ሔዋንን ያሳታት በሻካራ ቃል አልነበረምና። ሚልተን ራሱ በአራተኛው ክፍል የሀገራችንን የአማራን ተራራ አንሥቶ፣ አንዳንዶች እውነተኛዋ ገነት የመሰላቸው ይህ ውብ ስፍራ ኤደን እንዳይደለ ይነግረናል። ውበትና እውነት ሁልጊዜ አብረው አይገኙም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ዛሬ በመጽሐፍ ተማርከን መደንገጣችን፣ ነገ በሰው ምላስ ስንባበል እንድንነቃ ይረዳናል። ቃል ሲጣፍጠን፣ ወዴት እንደሚወስደን እንጠይቅ።