ጎንበስ ስል ይመጣል

አክስቴ የምትኖረው ኮንጋ ነው፤ ከይርጋጨፌ ከተማ ብዙም አይርቅም። ጓሮዋ ውስጥ ከእንሰቱ ጋር የቆመ ጥቂት እግር ቡና አላት፤ በለቀማ ወቅት የሰው ቡናም ትለቅማለች። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በለቀማው መሐል፣ ልቧ ድንገት እየደለቀ፣ ፊቷ አመድ እየመሰለ፣ ላብ በላብ እየሆነች መቀመጥ ጀመረች። ሩብ ሰዓት ያህል ይይዛትና ይለቃታል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነስታ ትለቅማለች።

ጎረቤት መጀመሪያ «ቡና አብዝታ ነው» አለ። (ኮንጋ ውስጥ ሰውን ቡና አበዛህ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት።) ቀጥሎ ዓይን ነው ተባለ። እኔ ያኔ ዲላ የፋርማሲ ተማሪ ስለነበርኩ የተማረ ሰው መልስ ነበረኝ፤ ጭንቀት ነው። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም፤ ነገሩ ገጠመልኝ።

ክሊኒክ የወሰድኳት እኔ ነኝ። እሷ ጌዴኡፋ እንጂ አማርኛ ብዙም አትችልም፤ ባለሙያው ደግሞ ጌዴኡፋ አይሰማም። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ረጅም አወራች። ካለችው ውስጥ አንዱ ይሄ ነበር፦ «ጎንበስ ስል ይመጣል። መሬት የወደቀውን ቡና ልለቅም ጎንበስ ስል ከሆዴ ይነሳና ወደ ራሴ ይወጣል።» እኔ ወደ አማርኛ ስመልሰው «ልቧ ይመታል፣ ያልባታል፣ ባሏ ሞቶባት ተጨንቃለች» አልኩ። የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከድንጋጤ ነው ተባለ። ፕሮፕራኖሎል ታዘዘላት። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፤ ለልብ ምት እንደሚሰጥ ተምሬያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሌሊት ልናጣት ነበር። በልመና በተገኘ መኪና ዲላ ሆስፒታል ስንደርስ ግፊቷ 240 በ130 ሆኖ ነበር። ተረኛው ወጣት ሐኪም «ምን ሲያደርጉ ነው የሚነሳባቸው?» አለ። ልመልስ አፌን ስከፍት «አንተን አይደለም፣ እሳቸውን ጠይቃቸው» አለኝ። ጠየቅኳት። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደገመችው። አሁን ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሐኪሙ ዝም ብሎ አየኝ፣ ከዚያ የአልትራሳውንዱን ማሽን አስመጣ። ከቀኝ ኩላሊቷ በላይ ሎሚ የሚያክል ነገር ነበር።

ስሙ ፊዮክሮሞሳይቶማ ይባላል። ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ አድሬናል የሚባሉ ትናንሽ እጢዎች አሉ፤ ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስሮጠውን ንጥረ ነገር የሚረጩት እነሱ ናቸው። እዚያ ላይ እብጠት ሲበቅል የሚያስደነግጥ ነገር ሳይኖር ሰውነት ይደነግጣል። ጎንበስ ማለት ሆድን ሲጫን እብጠቱን ሊጨምቀው ይችላል። አክስቴ የነገረችን ይህንኑ ነበር፤ ምርመራውን በራሷ ቋንቋ ጨርሳው ነበር። ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ደም ስርን የሚያሰፋውን በር ይዘጋና የሚያጠብበውን ክፍት ይተወዋል፤ ስለዚህ ይህ በሽታ ያለበት ሰው መጀመሪያ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ሳይወስድ ይህን ቢወስድ ግፊቱ ሊፈነዳ ይችላል።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ። የ24 ሰዓት ሽንት ተጠራቅሞ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ተላከ፤ ሲቲ ስካን ተነሳች፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ለሳምንታት ፕራዞሲን እየወሰደች ብዙ ውኃና ጨው እንድትወስድ ተነገራት። (ግፊት ላለበት ሰው ጨው ጨምር ሲባል ዘመድ ሁሉ ሐኪሙ አበደ አለ። ደም ስሩ ሲሰፋ የሚሞላው ፈሳሽ ስለሚያስፈልግ ነው።) ሌላ ጣጣ ደግሞ ነበረ። አማርኛችን የጤናውንም አካል ያደገውንም እብጠት «እጢ» ነው የሚለው፤ «እጢ አለባት» የሚለው ወሬ ኮንጋ ሲደርስ ካንሰር ሆኖ ነበር፣ ለቅሶ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸውም። አብዛኛው እንዲህ ያለ እብጠት ግን አይሰራጭም፤ የሚገድለው በሚረጨው ነው። ወጣላት፤ ዳነች።

በፈረንጆች 1886 ፌሊክስ ፍሬንከል የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እንዲህ ያለ ድንገተኛ የልብ ምት ይነሳባት የነበረች የ18 ዓመት ልጅ ሞታ በሁለቱም አድሬናሎቿ ላይ እብጠት መገኘቱን ጻፈ። እብጠቱን በቀዶ ጥገና ማውጣት የተቻለው በ1926 ነው፤ ሉዛን ላይ ሴዛር ሩ፣ አሜሪካ ላይ ቻርልስ ማዮ። 40 ዓመት። እኛ ኮንጋ ውስጥ ያጠፋነው ጥቂት ወር ነው፤ ግን መድኃኒቱ ባልነበረበት ዘመን መሞትና መድኃኒቱ እያለ ለመሞት መቃረብ አንድ አይደሉም።

ታዲያ ጥፋተኛ ነኝ? ይህ ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀኝም።

በ1976 ሁለት ፈላስፎች፣ በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል፣ «የሞራል ዕድል» በሚል ርዕስ ጽፈዋል። ዊሊያምስ ያነሳው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አለ፤ ምንም ሳያጠፋ ሕፃን ይገጫል። ጥፋት የለበትም፤ ግን እንደ ተመልካች ብቻ ቢያዝን፣ «ያጋጥማል» ብሎ ቢሄድ እንጠረጥረዋለን። የእኛም አገር ሽምግልና ይህን ያውቃል፤ ሳያስበው ነፍስ ያጠፋ ሰውም ብዙ ቦታ ካሳ ይከፍላል፣ ይታረቃል።

በዚህ ዓይን ሳየው ስለ ኪኒኑ ራሴን ይቅር ማለት እችላለሁ። ይህ በሽታ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው ከ2 እስከ 8 ቢገኝ ነው። ልቤ ይመታል ያለ መበለት ሁሉ አዲስ አበባ ይላክ ብንል ስንቱ ቤተሰብ ያልደረሰ ቡናውን አስቀድሞ ይሸጣል? ግምታችን የብዙዎቹን ችግር ይመታ ነበር፤ የእሷ አልሆነም። ይህ ዕድል ነው።

ዓረፍተ ነገሩ ግን ዕድል አይደለም። ጭንቀት ሆኖ ቢገኝም ኖሮ ቃሏን ቆርጬባት ነበር፤ ልዩነቱ፣ ማንም አያውቅም ነበር፣ እኔም ጭምር። ሰው ሲያወራ የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን የምመርጥ ዳኛ አድርጎ የሾመኝ ማነው? ሁለት ዓመት የፋርማሲ ትምህርት። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽም አፍሬባት ነበር። «ከሆዴ ይነሳና ወደ ራሴ ይወጣል» የሚለው አባባል የገጠር ሰው ወሬ መሰለኝ፤ ባለሙያው ፊት አስተካክዬ ላቀርባት ፈለግኩ። ከዚያ በፊት ለስንት ሰው እንዲህ አስተርጉሜ እንደሆነ አላስታውስም፤ ምንም ስላልተፈጠረ አላስታውስም። ኔግል ይህን ዓይነቱንም ዕድል ይለዋል መሰለኝ፣ ያላስያዘኝን።

አባቴ ሶንጎ ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ሲቀመጥ ልጅ ሆኜ አየው ነበር። ሰው እየደጋገመ፣ ነገር እየዞረ ሲያወራ ማንም አያቋርጠውም፤ እኔ ይሰለቸኝ ነበር።

ባለፈው ለቀማ ኮንጋ ሄጄ ነገርኳት። ያልሽውን ሳልናገር ቀርቼ ነው ልትሞቺ የነበረው አልኳት። ቡና እያፈላች ነበር። «አይቼህ ነበር» አለች። «ያን ሁሉ አውርቼ አንተ በሦስት ቃል ስትጨርስ፣ አማርኛ አጭር ቋንቋ ነው ማለት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ከዚያ ሁለተኛውን ስኒ ቀዳችልኝ።