ስለ ዓይን ዳርቻና ስለ ፈጣን ፍርድ

ሰው አንድን ነገር አየሁ ሲል ዓይኑን የተከለበትን ብቻ ያየ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ዓይን አጥርቶ የሚያየው እጅግ ጠባብ የሆነውን መካከሉን ነው፤ ይኸውም ክንድ ተዘርግቶ ሲታይ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ስፋት ነው። የቀረው ዳርቻ ሰፊ ቢሆንም ደብዛዛ ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ነገር ይቈጥረዋል።

ነገር ግን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. በአሜሪካ ላርሰንና ሎሽኪ የተባሉ መርማሪዎች የልዩ ልዩ ስፍራዎችን ሥዕል የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ለሚያህል ጊዜ ብቻ ለሰዎች አሳዩ። ከሥዕሎቹም የአንዳንዱን መካከሉን፥ የአንዳንዱንም ዳርቻውን ሸፈኑ። ስፍራው ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለማወቅ ከመካከሉ ይልቅ ዳርቻው አብልጦ ረዳ። ምክንያቱም አእምሮ ስፍራን የሚያውቀው ዕቃውን አንድ በአንድ ቈጥሮ ሳይሆን፥ ሜዳነቱን ወይም ዝግነቱን፥ የመስመሮቹን አካሄድና የቀለሙን አቀማመጥ ባንድነት ወስዶ ነው፤ ለዚህም ጥራት አያሻውም።

ሆኖም ይኸው ዳርቻ ጉድለት አለበት። ቦውማ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በ1970 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ ብቻዋን ስትሆን በዓይን ዳርቻ የምትታወቅ ፊደል፥ ሌሎች ፊደላት በግራና በቀኝ ሲቀርቧት አትለይም። ብርሃኗ ወደ ዓይን ሳይደርስ ቀርቶ አይደለም፤ አእምሮ ከጎረቤቶቿ ጋራ ስለሚቀላቅላት ነው።

እንግዲህ ባንድ አፍታ የተገኘ ዕውቀት ለፍርድ ይበቃልን? በምሽት የሚሄድ ሰው ገደሉን በዓይኑ ዳርቻ አይቶ እግሩን ቢመልስ፥ ቸኰለ ተብሎ አይነቀፍም፤ መርምሬ ልወቅ ቢል ይጠፋ ነበርና። ነገር ግን በሁከት መካከል የተያዘውን ሰው፥ ከሌቦች ጋራ ስለ ቆመ ብቻ ሌባ ነው የሚል ዳኛ፥ ፊደሏን ከጎረቤቶቿ ጋራ እንደሚቀላቅል ዓይን ነው። ስፍራውን ዐውቋል፤ ሰውየውን ግን ገና አላየውም።

ሁሉን አንድ በአንድ ለማየት ጊዜ አይበቃም የሚል ቢኖር፥ እውነት ነው። ስለዚህም የዳርቻው ሥራ ዓይን ወዴት መዞር እንዲገባው ማመልከት ነው እንጂ መፍረድ አይደለም። ዓይኑን ወደ ተከሳሹ ለማዞር ጊዜ ያጣ ዳኛ፥ ጊዜ እስኪያገኝ ድረስ ፍርዱን ያቆይ፤ የዳኛው ጊዜ ማነስ የተከሳሹ በደል አይደለምና።