የታሪክ ሥዕልና የሠዓሊው ኃላፊነት

የአገሩን ነፃነት ታላቅ ዕለት የሚሥል ሠዓሊ ታማኝነቱ ለማን ነው? ለተፈጸመው ድርጊት ወይስ ሕዝቡ ድርጊቱን ለሚያስታውስበት መልክ?

አሜሪካዊው ጆን ትራምቡል የ1776 እ.ኤ.አ.ን የነፃነት አዋጅ ሲሥል፣ በዚያች ሰዓት በአንድነት ያልተገኙ ሰዎችን በአንድ አዳራሽ ሰብስቧል። በእኛም የዐድዋ ሥዕሎች ቅዱስ ጊዮርጊስ ከጦር ሜዳው በላይ ይታያል፤ ወገን ፊት ለፊት፣ ጠላት ግን በአንድ ዐይኑ በጎን ይሣላል። ይህ ሐሰት አይባልም፤ የዘማቹ እምነትና ፍርድ በቀለም የተነገረበት ቋንቋ ነውና።

ሐሰት የሚገባው በተጨመረው ሳይሆን በተቀነሰው በኩል ነው። በ1888 ዓ.ም. የሸዋ ጦር የከተተው ከደሴ በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በወረኢሉ ነበር። በዚያ ጉዞ ስንቅ የፈጨችው፣ ውሃ የቀዳችውና በቅሎ የጫነው ግን በአብዛኞቹ ሸራዎች ላይ ስፍራ አላገኙም። በትራምቡልም አዳራሽ ውስጥ አንዲት ሴት፣ አንድ ባሪያ አይታይም።

እንግዲህ ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ የሚነሣ ሠዓሊ ቅዱሱን ከሰማዩ ላይ እንዲፍቅ አይጠየቅም። ከሥሩ ያለውን ምድር በባለቤቶቹ መሙላት ግን ግዴታው ነው። ታሪክን ማሳመር የጥበብ መብት ሲሆን፣ ታሪክ ሠሪውን መሰረዝ ግን በደል ነው።